ከድንጋይ ግንብ እስከ ጡብ ግድግዳ፦ የአርክቴክት ብሪንዳ ሶማያ የጥገና ሥራ



አንድ ሕንፃ በተመረቀ ዕለት ሪባን ይቆረጣል፤ ንግግር ይደረጋል፤ የነዳፊውም ስም በእብነ በረድ ላይ ተቀርጾ ከበሩ አጠገብ ይቆማል። ያው ሕንፃ አርጅቶ ጣሪያው ማፍሰስ፣ ልስኑም መርገፍ ሲጀምር ግን አርክቴክት የሚጠራ ሰው ጥቂት ነው። የሚጠራው በቅርብ የተገኘ ግንበኛ ወይም ቀለም ቀቢ ነው፤ እነሱም የማይበቁ የሆነ እንደሆነ አፍራሽ ይጠራል። ይህ ልማድ የአንድ አገር ብቻ አይደለም። በሕንድ አገር ከዚህ ልማድ ወጥተው የእድሜያቸውን ታላቅ ክፍል ሌሎች ሰዎች የሠሩትን ሕንፃ በማከም ካሳለፉት አርክቴክቶች መካከል አንዷ ወይዘሮ ብሪንዳ ሶማያ ናቸው።

ስለ እሳቸው ሥራ መናገር ያስፈለገው ያገኙትን ሽልማት ለመቁጠር አይደለም። ሽልማቱ ብዙ ነው፤ የፈለገ ሰው ያገኘዋል። ይልቁንም ሙያቸው ዛሬ ከከባድ ጥያቄ ላይ የወደቀው እሳቸው ራሳቸው በጠገኑትና ዓለም ባመሰገነው ግቢ ውስጥ በመሆኑ፣ ነገሩ የየአገሩን ባለሙያ የሚመለከት ሆኗል። (በዚህ ንግግር ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ወይዘሮ ብሪንዳ የተወለዱት በ1949 ነው። የሕንፃ ንድፍ ትምህርታቸውን ዛሬ ሙምባይ በምትባለው በቦምቤይ ከተማ፣ በሰር ጄ. ጄ. የአርክቴክቸር ኮሌጅ ከፈጸሙ በኋላ ወደ አሜሪካ ተሻግረው በስሚዝ ኮሌጅ የማስትሬት ዲግሪ ተቀበሉ። በ1975 የራሳቸውን ሥራ የጀመሩት በቤታቸው አትክልት ስፍራ በነበረች አነስተኛ ክፍል ውስጥ ነበር። ጥቂት ቆይቶ እኅታቸው ራንጂኒ ካላፓ ተጨመሩና ድርጅቱ በሁለቱ ስም «ሶማያ ኤንድ ካላፓ» ተባለ። እኅታቸው ኑሯቸውን በአሜሪካ ካደረጉ በኋላም ስሙ አልተለወጠም። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ይነድፉ የነበረው ፋብሪካና መኖሪያ ቤት፣ ቢሮና ትምህርት ቤት እንጂ ቅርስ የሚባል ነገር አልነበረም። ይህን ማስታወስ ይገባል፤ ምክንያቱም አዲስ ሕንፃ ሠርቶ የማያውቅ ጠጋኝ፣ አሮጌውን የሠራው ሰው ምን ችግር ገጥሞት እንደነበረ ለመገመት ይቸገራል። በከተማይቱ ደቡብ፣ በኮላባ ሠፈር፣ ቆሻሻ ይጣልበት የነበረውን መሬት የዛፍ መናፈሻ ያደረጉትም እሳቸው ናቸው። ያለውን ነገር ሳይጥሉ ለሌላ ጥቅም ማዋል የሚለው አሳብ በሥራቸው ውስጥ ከሕንፃ ጥገናው ጋር አብሮ ያደገ ይመስላል።

በዚያ ዘመን በሕንድ አገር ሕግ የሚከላከልለት አሮጌ ሕንፃ ምን ዓይነት እንደነበረ ማወቅ ያስፈልጋል። በ1861 የተቋቋመው የአገሪቱ የአርኪኦሎጂ መሥሪያ ቤት ቤተ መቅደሶችን፣ መቃብሮችንና ምሽጎችን መዝግቦ ይጠብቅ ነበር። በከተማ መካከል የቆመ፣ ሰው የሚሠራበትና የሚማርበት የመቶ ዓመት ሕንፃ ግን ጠባቂ አልነበረውም። ባለቤቱ አፍርሶ ፎቅ ሊሠራበት ቢፈልግ የሚከለክለው አልነበረም። ቦምቤይ ይህን የለወጠ ደንብ ያወጣችው በ1995 ሲሆን፣ በአገሪቱ ከተሞች መካከል ቀዳሚ ነበረች። በደንቡ መሠረት ሕንፃዎቹ በሦስት ደረጃ ተከፍለው ተመዘገቡ። ከዚያ በኋላ አሮጌ ሕንፃ የያዘ ሰው ሁሉ፣ ወደደም ጠላም፣ ጥገና የሚያውቅ ባለሙያ መፈለግ ግድ ሆነበት። ደንብ ወጥቶ ባለሙያ ከሌለ ደንቡ ወረቀት ሆኖ ይቀራል፤ በቦምቤይ ግን እነ ወይዘሮ ብሪንዳ ነበሩ።

ስማቸው በጥገና ሥራ ከአገር ውጭ የተሰማው በቅዱስ ቶማስ ካቴድራል ነው። ይህ ቤተ ክርስቲያን በ1718 ተከፍቶ አገልግሎት የጀመረ፣ በከተማይቱ የመጀመሪያው የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ነው። ዛሬ ቸርችጌት የሚባለው ታላቅ የባቡር ጣቢያ ስሙን ያገኘው ወደዚሁ ቤተ ክርስቲያን ከሚያስገባው የጥንቱ ምሽግ በር ነው። ቦምቤይ በዓመት ከ2,000 ሚሊ ሜትር የሚበልጥ ዝናብ የምትቀበል፣ ያንንም ከሞላ ጎደል በአራት ወር ውስጥ የምትጨርስ ከተማ ናት። በዚህ ዓይነት አገር የአሮጌ ሕንፃ ጤና የሚጀምረው ከጣሪያው ነው። ከጣሪያው ቀጥሎ የሚመጣው የግድግዳው ትንፋሽ ነው። በኖራ የተሠራ የድንጋይ ግንብ ውኃ ቢጠጣም በበጋ መልሶ ይተነፍሳል። ለማጠናከር ተብሎ በሲሚንቶ የተለሰነ እንደሆነ ግን እርጥበቱ መውጫ ያጣል፤ ድንጋዩም ከውስጥ ይበላል። በብዙ አገር አሮጌ ሕንፃን የጎዳው የእድሜ ብዛት ብቻ ሳይሆን እንዲህ ያለው በቅን ልቡና የተደረገ ጥገና ነው። የካቴድራሉ ሥራ በ2004 የዩኔስኮን የእስያና የፓሲፊክ የቅርስ ጥበቃ ሽልማት አገኘ። ይህ ሽልማት መሰጠት ከጀመረ ገና ጥቂት ዓመታት ብቻ ነበሩ።

ቤተ ክርስቲያን ከተጠገነ በኋላም ያው ቤተ ክርስቲያን ነው፤ አገልግሎቱ አይለወጥም። ከባዱ ጥያቄ የሚመጣው የተሠራለት ሥራ በጠፋበት ሕንፃ ላይ ነው። በዚያው በፎርት ሠፈር በ1920ዎቹ የተሠራን የንግድ ቤት ወይዘሮ ብሪንዳ የታታ ኮንሰልታንሲ ሰርቪስስ የተባለው የኮምፒውተር ሥራ ድርጅት ዋና ቢሮ አድርገውታል። የውጭው የድንጋይ ፊት ታክሞ እንዲቆይ ተደረገ፤ ውስጡ ግን የዘመኑን መሣሪያ ሁሉ የሚይዝ አዲስ መሥሪያ ቤት ሆነ። በዚህ ዓይነት ሥራ ላይ በባለሙያዎች መካከል የቆየ ክርክር አለ። አንዳንዶች፣ ፊቱን ብቻ አቁሞ ውስጡን መለወጥ ቆዳውን በግድግዳ ላይ ሰቅሎ በሬው አለ እንደ ማለት ነው ይላሉ። ክርክሩ ከንቱ አይደለም። ነገር ግን ለሕንፃው ከሥራ ውጭ ከመሆን የከፋ በሽታ የለውም። ሰው የማይገባበት ቤት ጣሪያው ማፍሰሱን የሚያይለት፣ አሸንዳው መደፈኑን የሚነግርለት የለም። በመንገዱ ላይ ለሚሄደው ሕዝብ ደግሞ የከተማው መልክ ማለት ያ የድንጋይ ፊት ነው። ስለዚህ ሥራው የተሟላ ጥገና ነው ባይባልም፣ ከመፍረስ የተሻለ ብቻ ነው ብሎ ማሳነስም ፍርድ አይሆንም።

የራጃባይ የሰዓት ግንብ ነገር ከዚህ የተለየ ነው። የቦምቤይ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍትና ከላዩ የቆመው የሰዓት ግንብ በ1878 ሲፈጸም ቁመቱ 85 ሜትር ያህል ነበር። ንድፉን የሠሩት ሰር ጆርጅ ጊልበርት ስኮት በለንደን ተቀምጠው ነው፤ ሕንድን በዓይናቸው አላዩም። ገንዘቡን የሰጡት በጥጥ ንግድ የከበሩት ፕሬምቻንድ ሮይቻንድ ሲሆኑ፣ ግንቡ በእናታቸው ስም እንዲጠራ አደረጉ። እናቲቱ ዓይነ ሥውር ስለነበሩና ሃይማኖታቸውም ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ መብላትን ስለሚከለክል፣ የሰዓቱ ደወል የራት ጊዜ እንዲነግራቸው ታስቦ ነው ተብሎ በከተማይቱ ይነገራል። እውነት ይሁን አይሁን፣ ታሪኩ ሕዝቡ ግንቡን የራሱ እንዳደረገው ያሳያል።

በ2010ዎቹ በተደረገው ጥገና ዋናው ድካም ከድንጋዩ ይልቅ በመስታወቱ ላይ ነበር ማለት ይቻላል። የቤተ መጻሕፍቱ ባለቀለም መስታወት በሕንድ ካሉት ሁሉ ከሚደነቁት መካከል የሚቆጠር ነው። ባለቀለም መስታወትን ማደስ የትዕግሥት ሥራ ነው። እያንዳንዱ ክፍል ከመስኮቱ ወጥቶ፣ ቁራጮቹ አንድ በአንድ ታጥበው፣ የሚያያይዛቸው እርሳስ ተለውጦ፣ እንደ ነበረ ይመለሳል። ይህን የሚያውቅ የእጅ ባለሙያ በአንድ ከተማ ውስጥ በጣት የሚቆጠር ነው። እዚህ ላይ አርክቴክቱ አዛዥ መሆኑ ቀርቶ ተማሪ ይሆናል። በዚህ ሕንፃ አዲስ አገልግሎት አልተፈለገም፤ ቤተ መጻሕፍት ነበረ፣ ቤተ መጻሕፍት ሆኖ ቀረ። ይህም ሥራ በ2018 ከዩኔስኮ ምስጋና ተቀበለ።

ጥር 26 ቀን 2001 በጉጃራት ክፍለ ሀገር በካች የደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ ለወይዘሮ ብሪንዳ ሌላ ዓይነት ሥራ አመጣ። ባድሊ በተባለች መንደር፣ ነዋሪውን ወደ ሌላ ስፍራ አፍልሶ በመሥመር የተደረደሩ አዳዲስ ቤቶች ከመሥራት ይልቅ፣ መንደሪቱ በነበረችበት እንድትታደስ አደረጉ። ሊጠገን የሚችለው ቤት ተጠገነ፤ የማይችለው በቦታው እንደገና ተሠራ። ለባለ ሙያ ጆሮ ይህ ትንሽ ነገር ሊመስል ይችል ይሆናል። ዳሩ ግን አንድ የገበሬ ቤት ከጎረቤቱ ደጅ፣ ከጉድጓዱና ከዛፉ ጥላ ጋር ያለው ዝምድና በካርታ ላይ የማይታይ ቅርስ ነው።

ያው መንቀጥቀጥ ከዚያ ርቃ በምትገኘው በአህመዳባድ ከተማም ጉዳት አደረሰ። ከተጎዱትም መካከል የሕንድ የማኔጅመንት ተቋም ግቢ ነበረ። የዚህ ንግግር ዋና ጉዳይ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

ተቋሙ በ1961 ሲመሠረት፣ የሳይንስ ሊቁ ቪክራም ሳራብሃይ ከመሥራቾቹ አንዱ ነበሩ። ወጣቱ አርክቴክት ባልክሪሽና ዶሺ ግቢውን እንዲነድፍ አሜሪካዊው ሉዊስ ካን እንዲጠራ አሳሰቡ። ካን ከዚያ በኋላ እስከ ሕይወታቸው ፍጻሜ ወደ አህመዳባድ ተመላለሱ፤ በመጋቢት ወር 1974 ያረፉትም ከዚያው ከተማ ሲመለሱ በኒው ዮርክ የባቡር ጣቢያ ውስጥ ነው። የቀረውን ሥራ ባልደረባቸው አናንት ራጄ አስቀጠሉት። ግቢው በጥሬ ጡብ የተሠራ ነው፤ ልስን የለውም፣ ቀለም የለውም። ታላላቅ ክብ ቀዳዳዎች፣ ጫፋቸው በአርማታ ማሰሪያ የተያዘ ዝርግ ቅስቶች፣ ወፍራም ግድግዳዎችና ጥልቅ ጥላ አሉት። በዓለም ላይ የሕንፃ ንድፍ የሚማር ሰው ሁሉ ሥዕሉን ያውቀዋል።

ይሁን እንጂ ዝና ጡብን ከውኃ አይጠብቅም። ልስን የሌለው ጡብ የክረምቱን ዝናብ ይጠጣል፤ ሲደርቅም በውስጡ ያለውን ጨው ወደ ፊቱ ያወጣል፤ ጨውም ፊቱን እያላላ ይልጠዋል። ከዚህ የከፋው ደግሞ በጡቡ ውስጥ የተቀበረው ፌሮ ነው። ፌሮ በደኅና አርማታ ውስጥ ሲቀመጥ የሲሚንቶው ባሕርይ ከዝገት ይከላከልለታል። በጡብ መካከል የተቀበረ ብረት ግን ያን ያህል መከላከያ የለውም። እርጥበት ሲደርሰው ይዝጋል፤ ዝገትም ከነበረው ብረት ከሁለት እጥፍ በላይ ስፍራ ስለሚፈልግ ግድግዳውን ከውስጥ ገፍቶ ይሰነጥቀዋል። ግድግዳውን እንዲያጠነክር የተቀመጠው ብረት ግድግዳውን የሚሰብር ሆነ ማለት ነው። የ2001 መንቀጥቀጥ ይህን በውስጥ የነበረ ሕመም ወደ ውጭ አወጣው።

የሦስት መቶ ዓመት የድንጋይ ቤተ ክርስቲያን መጠገን የቻለ ባለሙያ የሃምሳ ዓመት የጡብ ሕንፃ ሲያጋጥመው ሥራው የሚቀልለት ይመስላል። ነገሩ ግን ተቃራኒው ነው። ድንጋይና ኖራ የሚያረጁበት መንገድ ለብዙ መቶ ዓመታት የተጠና ነው። ጡብና ብረት፣ አርማታና ሶሌታ አብረው ሲያረጁ ምን እንደሚያደርጉ ግን ዓለም ገና እየተማረ ነው። የአዲስ አበባው የአፍሪካ አዳራሽ፣ በ1961 ተመርቆ ከብዙ ዓመት እድሳት በኋላ በ2024 እንደገና የተከፈተው፣ የዚሁ ትውልድ ሕንፃ ነው፤ እንዲህ ያሉ ሕንፃዎች በየከተማው ወደዚሁ እድሜ ደርሰዋል። የነዳፊው ዓላማ በሥዕልና በደብዳቤ ተመዝግቦ፣ የሚያውቁትም ሰዎች በሕይወት ሳሉ የሚሠራ ጥገና መሆኑም ሌላ ሸክም አለው። ለሦስት መቶ ዓመቱ ግንበኛ የሚከራከርለት የለም፤ ለካን ግን ዓለም ሁሉ ጠበቃ ነው።

ተቋሙ በ2014 ባደረገው ውድድር የጥገናው ሥራ ለወይዘሮ ብሪንዳ ድርጅት ተሰጠ። በመጀመሪያ የተያዘው በቪክራም ሳራብሃይ ስም የሚጠራው ቤተ መጻሕፍትና ከፊቱ ያለው የሉዊስ ካን አደባባይ ነበር። እንዲህ ባለ ሥራ ላይ የተሰነጠቀውን ጡብ ማውጣት፣ የዛገውን ብረት ማግኘትና ማከም፣ የሚያፈሰውን ሶሌታ ውኃ እንዳያሳልፍ ማድረግ የግድ ነው። በተለይ አዲስ የሚገባው ጡብ ከአሮጌው ጋር በመጠንም በጥንካሬም በቀለምም መስማማት አለበት፤ በጣም ጠንካራ ቢሆን ጎረቤቱን ይጎዳል፣ በጣም ለስላሳ ቢሆን ራሱ ቀድሞ ያልቃል። ቤተ መጻሕፍቱ ታድሶ ሥራ ጀመረ፤ በ2019ም ዩኔስኮ የላቀ የሥራ ውጤት ሽልማት ሰጠው። ከተማሪዎች ማደሪያዎችም አንዱ፣ ቁጥር 15 የተባለው፣ ለናሙና ተጠገነ።

በታኅሣሥ ወር 2020 ተቋሙ ለቀድሞ ተማሪዎቹ በጻፈው ደብዳቤ ከ18ቱ ማደሪያዎች 14ቱን ለማፍረስ ማሰቡን ገለጸ። የሰጠውም ምክንያት ሶሌታው እያፈሰሰ፣ ግድግዳው እየተሰነጠቀ ስለሆነ ለነዋሪዎቹ አያሰጋም ማለት እንደማይቻል ነበር። ከየአገሩ የተቃውሞ ደብዳቤ ጎረፈ፤ የካን ልጆችም ጻፉ። ተቋሙም ጥር 1 ቀን 2021 አሳቡን ማንሳቱን አስታወቀ።

ነገሩ በዚህ አልቆመም። በኅዳር ወር 2022 ተቋሙ የአወቃቀር መሐንዲሶችን ምርመራ ጠቅሶ፣ የጥገናው መንገድ እንደማያዋጣውና የመምህራኑ ቢሮዎችና የመማሪያ ክፍሎች ሕንፃዎች የውጭ መልካቸውን ይዘው እንደገና እንዲሠሩ፣ ከማደሪያዎቹም ብዙዎቹ በአዲስ እንዲተኩ መወሰኑን አስታወቀ።

በዚህ ጉዳይ አንዱን ወገን ጥፋተኛ፣ ሌላውን ቅዱስ አድርጎ ማቅረብ ቀላል ነበር። ነገር ግን በየክፍሉ የሚተኛ ተማሪ አለ። ጣሪያው በላዩ ላይ ቢወርድ የሚጠየቀው ሉዊስ ካን አይደለም፤ ግቢውን የሚያስተዳድረው ሰው ነው። የአስተዳዳሪውን ፍርሃት የናቀ አርክቴክት አንድ ቀን ከሥራ ውጭ ይሆናል። በሌላ በኩል ደግሞ ጥገና አንድ ጊዜ ተሠርቶ የሚረሳ ሥራ አይደለም። የጡብ ሕንፃ ከዝናብ በፊት አሸንዳው እንዲጠረግለት፣ ከዝናብ በኋላ ግድግዳው እንዲመረመርለት ይፈልጋል። ለሃምሳ ዓመት ያልተደረገለትን በአምስት ዓመት አካክሶ ማስመለስ ከማንም ባለሙያ አይጠበቅም። የግቢው የአወቃቀር ችግር ከጥገና አቅም በላይ ነው ወይስ አይደለም የሚለውም ጥያቄ በመሐንዲሶች መካከል በግልጽ ተመርምሮና ተከራክሮ ቢለይ፣ ለሚመለከታቸው ሁሉ የበለጠ ጥቅም በሰጠ ነበር። ለማፍረስ የተደረሰበት የመጨረሻ ቃል በቁጥር፣ በናሙናና በሥዕል ተደግፎ በባለሙያ ፊት ካልቀረበ፣ ነገ ሌላው ባለቤት ሌላውን ሕንፃ ለማፍረስ ይጠቅሰዋል።

በቦምቤይ ፎርት ሠፈር የንግድ ቤት ላይ የተነሣው ያ የቆየ ክርክር አሁን ተገልብጦ መጣ። በዚያ የድሮው ፊት እውነተኛ ነበር፣ ውስጡ አዲስ። በአህመዳባድ ግን የታሰበው ፊቱም ቢሆን የካንን መልክ ይዞ በአዲስ ጡብ እንዲሠራ ነው። ካን ደግሞ ፊትን ከውስጥ ለይቶ የማያይ ሰው ነበሩ፤ በእሳቸው ዘንድ ቅስቱ ጌጥ ሳይሆን ሸክም ተሸካሚ ነበር። ሸክም የማይሸከም ቅስት ቢሠራ፣ ሥዕሉ ያው ሆኖ ሕንፃው ሌላ ይሆናል።

ወይዘሮ ብሪንዳ ድርጅታቸውን ከልጃቸው ከአርክቴክት ናንዲኒ ሶማያ ሳምፓት ጋር እየመሩ ሥራቸውን ቀጥለዋል። ካንን ወደ አህመዳባድ ያስጠሩት ባልክሪሽና ዶሺ የ2022ቱ መግለጫ በወጣ በሁለተኛው ወር፣ በጥር 2023፣ በ95 ዓመታቸው ዐረፉ። ከግቢው ሕንፃዎች ውስጥ በ2019 የተሸለመው ቤተ መጻሕፍት በካን ጡብ ላይ በወይዘሮ ብሪንዳ እጅ የተጨመረውን ጡብ ይዞ ቆሟል።